ሽያጩ ሲያድግ ካዝናው ለምን ይደርቃል

ድሬዳዋ ላይ ነጋዴና ነጋዴ ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት አደረስክ?» ነው። ስንት ሱቅ፣ ስንት መኪና፣ ስንት ሰራተኛ። «ስንት ተረፈህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ እሱ ነውር ነው፣ ደግሞ ማን ጆሮውን ጥሎ እንደሚያዳምጥ አይታወቅም። ስለዚህ ሰው የሚፎካከረው በሚታየው ነገር ነው፣ ከሚታየው ሁሉ ደግሞ ብራንች የሚያክል የለም። ሐረር ብራንች፣ ጅግጅጋ ብራንች፣ ጭሮ ብራንች። ከሰአት በርጫ ላይ ነገሩ ይብሳል፣ ዘጠኝ ሰአት ላይ ምርቃናው ሲገባ ያልተገዛ ሲኖትራክ የለም፣ አስር ሰአት ላይ ጅቡቲ ቢሮ ተከፍቷል፣ አስራ አንድ ላይ ዱባይ። ማታ ሁሉም ዝም ይላል። ችግሩ አንዳንዱ ሰው ጠዋት ተነስቶ የእውነት ይከፍተዋል አቦ።

እኔ የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። ከዚራ ውስጥ ትንሽዬ ቢሮ አለችኝ፣ ሂሳባቸውን የምይዝላቸው ሰዎች አብዛኞቹ መጋላና ሳቢያን ያሉ ናቸው፣ ጅምላ አከፋፋይ፣ ዳቦ ቤት፣ ብሎኬት አምራች፣ ፔንሲዮን፣ የመኪና መለዋወጫ። ትልልቅ ድርጅቶች አይደሉም፣ ግን ዛሬ ትልቅ የሚባሉትም እንደዚህ ሆነው ነው የጀመሩት። ከነዚህ ውስጥ የዘጉትን ሳስብ ገበያ አጥቶ የዘጋው ጥቂት ነው። አብዛኛው የዘጋው ገበያ ሲበዛለት ነው፣ ይሄን ስናገር ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ሽያጩ ወደላይ ይሄዳል፣ ካዝናው ወደታች ይሄዳል፣ ባለቤቱ መሃል ላይ ቆሞ «ብሩን ማነው የሚሰርቀኝ?» እያለ ካሸሯን በክፉ አይን ያያል። ካሸሯ ምንም አላደረገችም። ብሩን የበላው እድገቱ ነው።

በቁጥር እንየው፣ ቁጥር የማይወድ ሰው ይቺን አንቀጽ ይታገሳት። አንድ የሳሙናና የዲተርጀንት አከፋፋይ እንውሰድ፣ እንዲመች ብዬ የፈጠርኩት ሰው ነው ግን ብጤዎቹ በየመጋዘኑ አሉ። በወር 2 ሚሊዮን ብር ይሸጣል፣ ከመቶው 8 ብር ያተርፋል። እቃ ሲገዛ ካሽ ነው የሚከፍለው፣ ደንበኞቹ ደግሞ ባለሱቆች ናቸው፣ በዱቤ ወስደው በሁለት ወራቸው ነው የሚከፍሉት። አሁን ሽያጩ እጥፍ ሆነ እንበል፣ 4 ሚሊዮን ገባ። ጓደኞቹ «አንተ ሰውዬ ተነሳህ» አሉት። ግን ለዚያ ለተጨመረው 2 ሚሊዮን ሽያጭ በየወሩ የ1 ሚሊዮን 840 ሺ ብር እቃ ከኪሱ መግዛት አለበት፣ ብሩ የሚመለሰው ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ስለሆነ 3 ሚሊዮን 680 ሺ ብር ከሆነ ቦታ አምጥቶ ሰው እጅ ላይ ማስቀመጥ አለበት ማለት ነው። በአዲሱ ሽያጭ የወር ትርፉ ስንት ነው? 320 ሺ። ኪራይ፣ ደሞዝ፣ ነዳጅ፣ ግብር የሚባል ነገር ባይኖርበትና ትርፉን ሳይነካ ቢያጠራቅም እንኳን ያንን ቀዳዳ ለመድፈን አስራ አንድ ወር ተኩል ይፈጅበታል። ኪራይ ደግሞ አለ። ደሞዝም አለ። በዚህ ላይ 15 ፐርሰንቱ ቫት ደረሰኝ ሲቆረጥ ነው የሚቆጠርብህ፣ ባለሱቁ እስኪከፍልህ የሚጠብቅህ የለም፣ ስለዚህ ገና ካልሰበሰብከው ብር ላይ ቀድመህ ትከፍላለህ።

ይሄን ለደንበኞቼ ወረቀት ላይ ስስልላቸው መጀመሪያ ዝም ይላሉ፣ ከዛ ሁሌም የሚመጣው መልስ አንድ ነው፣ «ከሆነ ቦታ ይመጣላ!» ከየት ነው የሚመጣው? መጀመሪያ እቁብ ነው፣ አንደኛ እጣ ለምኖ ይወስዳል። ቀጥሎ ዘመድ ነው፣ ውጪ ያለው ወንድም ይልካል። ቀጥሎ ባንክ ነው። ባንክ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የንግድ ባንኮች የብድር እድገት በአመት ከ14 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ሲወስን (በኋላ 18 አድርጎታል) ሰነዱ የተሟላ፣ ንብረቱ የተገመተ ሰው ሁሉ «ጠብቅ» እየተባለ ሲመላለስ ነበር። እድገቱን በባንክ ብር አስልቶ የጀመረ ሰው መሃል መንገድ ላይ ቀረ። የመጨረሻው ደግሞ ወደፊት የሚመነዘርበት ቀን የተጻፈበት ቼክ ነው። ቼኩን ለአቅራቢው ይሰጣል፣ እስከዛ ባለሱቆቹ ይከፍሉኛል ብሎ፣ ባለሱቆቹ ይዘገያሉ፣ ቀኑ ይደርሳል፣ ባንክ ላይ ብር የለም፣ ደረቅ ቼክ ሆነ ማለት ነው። ደረቅ ቼክ ደግሞ ተራ እዳ አይደለም፣ በወንጀል ያስጠይቃል። ሲያተርፍ የነበረ ሰው፣ ደንበኛ በወረፋ የነበረው ሰው፣ ፖሊስ ጣቢያ ቃል ሲሰጥ አይቻለሁ። አልሰረቀም፣ አልቆመረም። አደገ በቃ።

በዚህ ላይ ብሩ ራሱ የሚያሳየው እድገት ውሸት ሊሆን ይችላል። ሐምሌ 22 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ባንክ ላይ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ገባ። ያኔ መጋዘኑ ውስጥ የድሮ እቃ የነበረው ሰው በአዲስ ዋጋ ሸጠና ሲያየው ትርፉ ሰማይ ነክቷል፣ እውነትም ወረቀቱ ላይ ነክቷል። አንዳንዱ ደስ ብሎት ቤት አደሰ፣ አንዳንዱ ሰርግ ደገሰ። ከዛ እቃውን ሊተካ ሲሄድ እጁ ላይ የቀረው ብር የድሮውን ግማሽ እንኳን ሊገዛለት አልቻለም። ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር) የሆነው ደግሞ በዚያ የወረቀት ትርፍ ላይ 30 ፐርሰንት ግብሩን ይከፍላል። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቼን ሁሉ የምለምናቸው ነገር ቢኖር ሽያጫችሁን በካርቶን ቁጠሩልኝ ነው። አምና በዚህ ወር ስንት ካርቶን ወጣ፣ ዘንድሮስ? አንዱ አከፋፋይ ሽያጩ በብር ከአምናው 60 ፐርሰንት አድጎ በካርቶን ሲቆጠር ቀንሶ አገኘነው፣ ፊቱን ብታዩት! እሱ እኮ በዛ «እድገት» ተማምኖ ሁለተኛ መጋዘን ሊከራይ ነበር።

የድሬ ልጅ ይሄን ታሪክ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፣ ከተማዋ የተወለደችው ከዚሁ ነው። ሽሚንደፈርን፣ የድሮውን የጅቡቲ ባቡር ነው የምለው። ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በፈረንጆቹ 1894 ነው፣ ስራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀመረ፣ የመጀመሪያው ሃሳብ ባቡሩን ሐረር ማስገባት ነበር። ኩባንያው ገና ከጅምሩ በሆልሆልና በሸበሌ ሸለቆዎች ላይ ድልድይ ሲሰራ ብሩን አፈሰሰ፣ ከዛ የሐረር ተራራ መጣ፣ አልወጣም አለ፣ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ተራራው ስር መጥቶ ቆመ። «አዲስ ሐረር» ተባለች፣ ኋላ ድሬዳዋ። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሰርተው እጃቸው ላይ ያለው ምንድነው? ዋናው ገበያ ያላት አዲስ አበባ ያልደረሰ ባቡር። ገቢው ግማሽ፣ እዳው ሙሉ። ብር ፍለጋ ወደ እንግሊዝ ባለሀብቶች ሄዱ፣ ፈረንሳይ መንግስት ተናደደ፣ ድጎማ ይዞ መጣ፣ ድጎማውን ሲሰጥ ግን እጁን አብሮ አስገባ፣ ምኒልክ ደግሞ እኔ ፈቃድ የሰጠሁት ለኩባንያ ነው እንጂ ለፈረንሳይ መንግስት አይደለም አሉና ስራው እንዳይቀጥል ያዙት። በ1907 ኩባንያው ከሰረ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በሌላ ኩባንያ፣ በ1917 ነው።

እኔን የሚገርመኝ መክሰራቸው አይደለም፣ የመጀመሪያ ሰው ሁሌም ይከስራል። የሚገርመኝ ብሩ ሲያልቅ ማን አዛዥ እንደሆነ ነው። ኢልግና ጓደኞቹ የጀመሩት ስራ ላይ በመጨረሻ የሚወስኑት ፓሪስና አዲስ አበባ ያሉ መንግስታት ሆኑ። እድገትህን በሰው ብር ካስኬድክ መሪነትህን አብረህ ነው የምታስይዘው፣ ይሄ ደግሞ በትልቅ ኩባንያ ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም። ዘመድ 500 ሺ ያስገባበት ሱቅ ውስጥ ማን ይቀጠር፣ እቃ ከማን ይገዛ፣ ቁልፉ ማን ጋር ይደር የሚለውን ማን እንደሚወስን ሂዱና እዩ። በነገራችን ላይ ለኛ ለድሬዎች ያ ኪሳራ ሲሳይ ነው የሆነልን፣ ሐዲዱ እዚህ አመታት ባይቆም ይቺ ከተማ ይሄን ያክል መሆኗን እንጃ።

ብሩን በዚህ ልተወው። ከብሩ የሚከብደው ሰው ነው።

ላሪ ግሬይነር የሚባል የሃርቫርድ ምሁር በፈረንጆቹ 1972 የጻፈው አንድ ሃሳብ አለ፣ ድርጅት ሲያድግ በየደረጃው ቀውስ ይመጣበታል፣ ቀውሱን የሚያመጣው ደግሞ ባለፈው ደረጃ ያሳደገው ነገር ራሱ ነው ይላል። የመጀመሪያው ቀውስ የመሪነት ነው። እኔ ይሄን ሳነብ መጋላን ነው ያየሁት። አንዱ ደንበኛዬ ሱቁን ያሳደገው ሁሉንም ራሱ እየሰራ ነው፣ እሱ ነው የሚገዛው፣ እሱ ነው ዋጋ የሚቆርጠው፣ ለማን ዱቤ እንደሚሰጥ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ የመጋዘን ቁልፍ ወገቡ ላይ ነው። በአንድ ሱቅ ይሄ ወርቅ ነው። በሶስት ሱቅ ግን ጁምዓ ሰላት ሲሄድ ሶስት ሱቅ ይቆማል፣ አዲስ አበባ እቃ ሊያይ ሲሄድ ስልኩ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ «ይሄን በስንት ልሽጠው?» «እገሌ በዱቤ ስጡኝ እያለ ነው ምን ልበለው?» እሱ ደግሞ ይሄን ይወደዋል ዋላሂ፣ «እኔ ከሌለሁ ምንም አይሰራም» ሲል ኩራት ነው ፊቱ ላይ ያለው። ስራው አድጓል ሰውዬው ግን አሁንም ባለ አንድ ሱቅ ነው።

ለምን አታካፍልም ስትለው «ሰው አይታመንም» ይላል። እውነቱን ነው፣ ምንም ያልተጻፈበት ቦታ ላይ ሰው አይታመንም። ገደብ ሳታስቀምጥ «እንደራስህ አድርገው» ብለህ ሰጥተህ፣ ስትመለስ እንደራስህ አላደረገውም ብለህ ትቆጣለህ። እምነት ከዘመድነት ይመጣል ብለን ስለምናስብ የአክስት ልጅ ካሸር፣ የሚስት ወንድም ስቶር ኪፐር እናደርጋለን፣ ሲጎድል ደግሞ መጠየቅ አንችልም፣ ቤተሰብ ይፈርሳላ። ስቶርና ካሽ አንድ ሰው እጅ ላይ አይሁን፣ በየሳምንቱ ቆጠራ ይኑር፣ እስከ ይሄን ያክል ብር ራስህ ወስን ከዛ በላይ ደውል፣ ይሄ የመጠራጠር ጉዳይ አይደለም፣ ሰውየውንም ከሃሜት ያድነዋል። ባለቤቱም ራሱ ደሞዝ ይቁረጥለትና ከዛ በላይ ከካዝናው አያንሳ። አዲሱ የንግድ ህግ በ2013 ሲወጣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ማቋቋም እንዲችል ፈቅዷል፣ እኔም ለብዙ ሰው አቋቁሜያለሁ፣ ግን ወረቀቱ ኪስህን ከድርጅቱ ኪስ ቢለየውም እጅህ ካልለየው ምን ዋጋ አለው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ይሄን ከኛ ውጪ ያለ ሰው ላይገባው ይችላል። ድሬ ላይ ሽማግሌውንም ባለሀብቱንም አንተ ነው የምንለው፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ይሄን ያይና «እዚህማ አለቃና ሰራተኛ እኩል ነው» ይላል። ኧረ ወዲያ። አንተ እያለው ነው የሚፈራው። አብሮት ይቀልዳል፣ አብሮት ይቅማል፣ ግን «ይሄ ብራንች አያዋጣም» የሚል አንድ ሰው አላየሁም። ልጁ ያውቃል እኮ፣ ጅግጅጋ ያለው ደንበኛ ሶስት ወር እንዳልከፈለ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ዝም ይላል፣ ምክንያቱም ባለፈው የተናገረው ልጅ «ምቀኛ» ተብሏል። በኔ እይታ የመሪ ዋና ስራ እዚህ ጋር ነው። ስራው ምን ያህል መሸከም እንደሚችል የሚያውቁት እታች ያሉት ናቸው፣ ሸክሙን የሚጭነው ደግሞ ላይ ያለው ነው፣ መሃላቸው ያለው መንገድ ከተዘጋ ሰውዬው የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን በጭፍን ነው የሚጭነው። አንዱ የብሎኬት አምራች ጥሩ ዘዴ አለው፣ አዲስ ትእዛዝ ከመቀበሉ በፊት ፎርማኑን ቢሮ ጠርቶ በሩን ይዘጋና «አንችልም የምትልበትን ምክንያት ብቻ ንገረኝ» ይለዋል። እንችላለን የሚለውን መስማት አይፈልግም፣ እሱን ራሱ ያውቀዋል። ፎርማኑ መጀመሪያ አካባቢ ይፈራ ነበር፣ አሁን ይዘረግፈዋል።

ይሄ የድሃ ሀገር ችግር እንዳይመስላችሁ። ቶዮታን ውሰዱ፣ በየመንገዳችን የሚርመሰመሰውን። በፈረንጆቹ 2008 ጄኔራል ሞተርስን አልፎ በአለም አንደኛ መኪና ሻጭ ሆነ፣ ብዙም ሳይቆይ በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና ለጥገና መልሱልኝ ሲል ተገኘ። የካቲት 2010 በፈረንጆቹ ፕሬዚዳንቱ አኪዮ ቶዮዳ የአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ያመነው ነገር ፍጥነታችን ሰዎቻችንንና ድርጅታችንን ማብቃት ከቻልንበት ፍጥነት በለጠ የሚል ነበር፣ ደህንነት መጀመሪያ፣ ጥራት ቀጥሎ፣ ብዛት መጨረሻ የነበረው ቅደም ተከተላችን ተዘበራረቀ አለ። ስታርባክስም በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት ነበር (ሐረር፣ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌ በሚሉት የቡና ስሞች ከመንግስታችን ጋር ተጨቃጭቆ በ2007 የተስማማው ስታርባክስ ማለት ነው)። ሱቅ ሲያበዛ ቡናው ተበላሸ፣ ሃዋርድ ሹልትዝ በ2008 መጀመሪያ ወደ ስራ አስኪያጅነት ተመልሶ አሜሪካ ያሉትን 7,100 ገደማ ሱቆች አንድ ቀን ማታ ለሶስት ሰአት ያህል ዘጋና ሰራተኛው ቡና ማፍላት እንደገና እንዲማር አደረገ፣ በዚያው አመት 600 ሱቅ እንደሚዘጋም አስታወቀ። እስቲ እኛ ጋር ሱቅ ዘግቶ ሰራተኛ የሚያሰለጥን ሰው አስቡ። «ከሰረ» ነው የሚባለው ወዲያው።

ግን እኛም ጋር ልኩን የሚያውቅ ሰው አለ። ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለውን የልብስ ሰፊዎች ሰፈር የማያውቅ የለም፣ ስሙንም ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምጽ ነው። እዚያ የማውቀው አንድ ሰፊ አለ፣ ረመዳን ሲጋመስ ጨርቅ መቀበል ያቆማል። ኢድ ሊደርስ፣ ሰው ብር ይዞ በር ላይ ቆሞ እየለመነው፣ አልቀበልም ይላል። ለምን ብዬው «የተቀበልኩትን ለኢድ ዋዜማ ካላደረስኩ ከርሞ አይመጡም» አለኝ። ጎረቤቱ ሁሉንም ይቀበላል፣ በዋዜማው ሌሊት ጭቅጭቁ ሌላ ነው። ሁለቱ የሚለያዩት በስፌት አይደለም፣ አንዱ በቀን ስንት ልብስ እንደሚወጣው ቆጥሮ ያውቃል፣ ሌላኛው አላህ ያውቃል ይላል።

ድሬ ላይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ የሚታየው ለቁልቢ ገብርኤል ነው። ታህሳስ 19 ሲደርስ ከተማው ይሞላል፣ አልጋ ይጠፋል፣ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግቶ የሚያከራይ አለ። አንድ ፔንሲዮን ያለው ደንበኛዬ በየአመቱ በዚያ ሰሞን ይደውልልኛል፣ «ስንቱን ሰው መለስኩት መሰለህ፣ ሌላ አስር ክፍል እንስራ!» እኔም በየአመቱ የየካቲትን ደብተር ነው የማሳየው። ክፍሎቹ ግማሹ ባዶ። የሐምሌው 19 ሲመጣ ንግግራችን እንደገና ይጀመራል። ለጥቂት ሌሊት ብሎ የሚሰራው ክፍል እዳው አመቱን ሙሉ ነው። ቦታ ያጣውን ሰው ለጎረቤት ፔንሲዮን አስተላልፎ ኮሚሽን ቢይዝ ይሻለው ነበር፣ ግን ደንበኛን ለተፎካካሪ መስጠት እንዴት ተደርጎ!

አሁን ደግሞ ወሬው ሁሉ ነጻ የንግድ ቀጠናው ነው። ነሐሴ 2014 ሲመረቅ በሀገሪቱ የመጀመሪያው ነበር፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ከ2018 በፈረንጆቹ ጀምሮ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እየሰራ ነው፣ ጅቡቲ ቅርብ ነው። ጊዜው አሁን ነው የሚለው ሰው ትክክል ሊሆን ይችላል፣ እኔም እድሉን አልክድም። ግን እድሉ የሚጠቅመው ስርአት ያለውን ሰው ነው፣ ትልቅ ፋብሪካ እቃ አቅርብልኝ ሲልህ ቋሚ ጥራት ይፈልጋል፣ ህጋዊ ደረሰኝ ይፈልጋል፣ ሰላሳ ቀንም ስልሳ ቀንም ቆይቶ ይከፍላል። ወደላይ ያለውን የሳሙናውን ሰውዬ ስሌት ተመለሱና እዩት፣ ደንበኛው ትልቅ ስለሆነ ስሌቱ አይቀየርም፣ እንደውም ትልቅ ሰው ሲያዘገይብህ ሄደህ አትጮህበትም።

ሁሉንም ሰው አትደግ እያልኩ የምውል እንዳይመስላችሁ። ሳቢያን ዳቦ ቤት ያላት ሴትዮ ከደንበኞቼ ሁሉ የምታስደስተኝ እሷ ናት፣ የምትጨቀጭቀኝም እሷ ናት። ሁለተኛውን ዳቦ ቤት ከመክፈቷ በፊት አዳማ ልጇ ጋር ሄዳ ከረመች፣ ሆን ብላ ነው፣ ስልኳን አልዘጋችም ግን በተደወለ ቁጥር ለምን እንደተደወለላት ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። ዱቄት ጨመረ ምን እናድርግ፣ ምድጃው ተበላሸ ማንን እንጥራ፣ አንድ ሆቴል በዱቤ ጠየቀ፣ ሁለት ልጆች ተጣሉ። ስትመለስ ደብተሩን ይዛ ቁጭ አለችና ለእያንዳንዱ ጥሪ «ይሄን ከአሁን በኋላ አንቺ ወስኚ፣ እስከዚህ ድረስ» እያለች አከፋፈለች። ያኔ ነው የከፈተችው፣ በሷ አለመኖርም በመክፈቷም የደነገጠ ሰራተኛ አልነበረም። እኔ ይሄን ለስንት ሰው እንዳወራሁት!

አሁን ሶስተኛውን መልካ ጀብዱ ላይ ለፓርኩ ሰራተኞች ካልከፈትኩ ብላ ይዛኛለች። እኔ ቆይ ነው ያልኳት፣ ሁለተኛው ገና አመት አልሞላውም፣ ያለሷ የሚያስተዳድር ሰው ያላት አንድ ነው። እሷ ደግሞ «አንተ ሁሉንም ሰው እንደ ሳሙና ነጋዴው ነው የምታየው፣ ዳቦ ላይ ዱቤ የለም፣ ጠዋት የጋገርኩትን ማታ ቆጥሬ ነው የምተኛው፣ ዱቄቱን ደግሞ በአስራ አምስት ቀን ነው የምከፍለው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የሷ ስራ ሲያድግ ካሽ ያመጣል እንጂ አይበላም፣ ያ የኔ ስሌት እሷ ጋር ሲደርስ ይገለበጣል። የሚበላት ምድጃውና የመብራት መስመሩ ነው፣ ሶስት ፌዝ ለማስገባት ትራንስፎርመር ካስፈለገ ወጪውም ወረፋውም ሌላ ነው፣ ጄኔሬተር ላይ ከተጋገረ ደግሞ ትርፉ በጭስ ይሄዳል። ሰው የሚለውን ግን አልመለሰችልኝም፣ «ሰው አለችኝ» አለች፣ ማን እንደሆነች አልነገረችኝም። እስከ ሐሙስ ለብድሩ የሶስት አመት ሂሳብ አዘጋጅልኝ ብላ ወረቀቶቿን ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ሄዳለች፣ እየሰራሁት ነው፣ የኪራይ ውሉ ብቻ ነው የቀረኝ።